ፈርዶሳ ያሰረችው ብሎን

ፈርዶሳ ባህሩዲን ዲላ ዋናው መንገድ ዳር ያለውን የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከአባቷ ከተረከበች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። አባቷ በወጣትነቱ ከቡታጅራ መጥቶ፣ በአንድ አሮጌ ኢሱዙ ቡና መጫን ጀምሮ፣ ሦስት ኢሱዙ ያደረሰ ሰው ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው መኪና ሥር ሲገባ ቁልፍ የምታቀብለው እሷ ነበረች። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ነገሩ ተገላበጠ፤ እሷ ከሥር ትገባለች፣ እሱ ያቀብላል። «ያላጠበቅሽው ብሎን መንገድ ላይ ስምሽን ይጠራል» ይላት ነበር። ሲሞት ኢሱዙዎቹ ወደ አጎቶቿ ሄዱ፤ ሱቁ ለእሷ ቀረ።

ባሏ ዘከርያ ለአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ቡና ይገዛል። ሳምንቱን በይርጋጨፌ፣ በዱመርሶና በሬኮ ሲመላለስ ነው የሚያሳልፈው። ገበሬውን በጌዴኦኛ፣ ነጋዴውን በኦሮምኛ የሚያጫውት፣ የገባበትን ቤት ሳያስቅ የማይወጣ ሰው ነው። ፈርዶሳ የወደደችውም ለዚህ ነበር። እሷ ዝምተኛ ናት፤ በእሱ ወሬ ቤቱ ይሞቅላታል።

የሚነዳት ትንሿ ቪትዝ ግን ለአስፋልት እንጂ ለሬኮ መንገድ አልተፈጠረችም። ንዝረት የሚውጡት አሞርዛተሮቿ ዘይታቸውን ጨርሰው፣ ሞላዎቿ ዝለው፣ ሁለት ሰው ከተጫነባት ሆዷ ድንጋይ ይልሳል። በየካቲት አንድ ቀን ከጨለለቅቱ በታች የሞተሩ ዘይት መያዣ ተቀደደና ዘከርያ በሰው ኢሱዙ ተጎትቶ ዲላ ገባ። ልብሱ ጭቃ፣ ፊቱ ቁጣ ነበር።

«ሐዋሳ ወስጄ ከፍ አስደርጋታለሁ» አለ።

«ሐዋሳ ከላይ ብረት ጣል አድርገው ነው የሚመልሱልህ» አለች ፈርዶሳ። «ከፍ ትላለች እንጂ አይሻላትም። ሞላውም አሞርዛተሩም በጠንካራ መቀየር አለበት። ዕቃውን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ እኔ እገጥመዋለሁ።»

«አንቺ?»

«ታዲያ ማን?»

ዘከርያ ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተወ። «ፈርዱ፣ ሰው ምን ይላል? የዘከርያ ሚስት መኪና ሥር ተጋድማ አየናት ይበሉ?»

«በሩን ዘግቼ እሠራለሁ።»

በዚህ ተስማሙ። ፈርዶሳ ኋላ ላይ ብዙ ነገር ስታስብ ይህንንም አስባዋለች፤ ያኔ በሩን መዝጋት አልነበረባትም።

ዕቃው በመጋቢት መጀመሪያ ደረሰ። አራት ሞላ፣ አራት በጋዝ የሚሠራ አሞርዛተር፣ የላይኛዎቹ ጎማ መቀመጫዎች ሁሉ አዲስ። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ዘግታ፣ የአባቷን ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ ግቢ ወጣች። መኪናዋን በክሪክ አንስታ ወፍራም የብረት እግሮች ላይ አስቀመጠቻት። አባቷ በክሪክ ብቻ የተያዘ መኪና ሥር ገብታ ባገኛት ቀን ነው ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ በጥፊ የመታት።

የፊቱ ሥራ ከባድ ነው። ጎማውን አወረደች፤ የፍሬኑን ቱቦ ከማሰሪያው ፈታች፤ ከታች ያሉት ሁለት ትልልቅ ብሎኖች ዝገው እንቢ ስላሏት ዘይት አፍስሳባቸው እስኪለሰልሱ የዝናብ መጥረጊያውንና ከሥሩ ያለውን ፕላስቲክ ነቀለች፤ የላይኞቹን ብሎኖች የሚይዙት ዳዶዎች እዚያ ሥር ነው የተደበቁት። ስትመለስ በረጅም ቱቦ ቁልፉን አስረዝማ ሙሉ ክብደቷን ጣለችበት። ብሎኑ እንደ ጥይት ጮኾ ተፈታ።

አሮጌውን ሞላ ከአሞርዛተሩ ለማላቀቅ መጭመቂያ ያስፈልጋል። የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። መጭመቂያውን ያዋሳት ከሱቋ ፊት ለፊት ጋራዥ ያለው እንድርያስ ነው። እንድርያስ የጌዴኦ ልጅ ነው፤ አማርኛው ሲቸኩል ወንድና ሴት አይለይም። «ቀስ እያልክ አጥብቅ፤ ሁለቱንም ጎን እኩል፤ ፊትህን ወዲያ አድርግ» አላት በበሩ ቀዳዳ ሲያቀብላት። እሷም ለምዳዋለች፤ ከሠፈሩ ሁሉ እንደ ሠራተኛ የሚያናግራት እሱ ብቻ ነበር።

እሑድ የኋላውን ጨረሰች። በዚያ ቀን ሱራያ መጣች። ሱራያ የዘከርያ ታናሽ እህት ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። የምትኖረው ከእናቷ ከወይዘሮ ሀዲጃ ጋር ቢሆንም ቀኗን የምታሳልፈው ፈርዶሳ ዘንድ ነበር። ጀሪካን ገልብጣ ተቀመጠችና ስልኳን ይዛ መሳቅ ጀመረች።

«ፈርዱ፣ አንቺ እኮ ፕሮ ነሽ! ቪዲዮ ልቅረጽሽ፣ ቲክቶክ ላይ ትፈነጃለሽ።»

«ወንድምሽ ይገድለኛል።»

«እሱ ምን አገባው? ጣቱ ላይ ጥቁር ዘይት ነክቶት አያውቅም።»

ሲመሽ እንድርያስ በልክ የሚያጠብቀውን ቁልፍ ይዞ መጣና መኪናዋ መሬት ላይ እንዳለች ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቁ። ቁልፉ ልኩ ሲደርስ ጠቅ ይላል። ጠቅ ባለ ቁጥር ፈርዶሳ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ላይ ቁጥር የምትጽፍበትን ነጭ ቀለም አንስታ ከዳዶው እስከ ብሎኑ ቀጭን መስመር ታሰምራለች። ዳዶው አንዲት ፀጉር ታህል ቢዞር መስመሩ ይሰበራል፤ ዓይን ያየዋል። ማክሰኞ ራሷ ሐዋሳ ነድታ ወስዳ የጎማዎቹን አቀማመጥ በማሽን አስተካከለች። ስትመለስ በመንገዱ ጉድጓድ ላይ ሆን ብላ ነዳች፤ መኪናዋ አንዴ ብቻ ከፍ ብላ ትቀመጣለች እንጂ አትወዛወዝም። ፈርዶሳ ብቻዋን መሪ ላይ ሳቀች። ደስ ሲላት የምትነግረው አባቷን ነበር።

ለዘከርያ ቁልፉን ስትሰጠው እንዲህ አለችው፦ «ጉድጓዱን አትፍራው፣ ችላዋለች። ኩርባውን ግን ፍራው። ከፍ ያለ መኪና ኩርባ ላይ ፍጥነት አይወድም። ምቾቷ እንዳያታልልህ።»

«እሺ መምህርት» አለ፤ ግንባሯን ስሞ ሄደ።

ማታ ከሬኮ ሲመለስ እንደ ልጅ ይፈነድቅ ነበር። «ምንም! አንዴ እንኳ አልነካችም! ላንድክሩዘር ሆናለች!» አለ። በዚያን ሳምንት ፈርዶሳ ባሏ እንዲህ ሲኮራባት አይታው አታውቅም ብላ አሰበች።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቡና ነጋዴ ሱቋ ገባ። «የባልሽን ዓይነት ሞላና አሞርዛተር ስጪኝ» አላት። «እሱ ራሱ ነው አሉ የገጠመው። ጣጣ የለውም እኮ ዘከርያ፣ እጁ ወርቅ ነው። ለኔም ይገጥምልኝ ይሆን?»

ፈርዶሳ ዕቃውን ከመደርደሪያው እያወረደች «ማን ነው ያለህ?» አለች።

«ራሱ ነዋ! ይርጋጨፌ ሁላችን ምሳ ስንበላ ‘ሁለት ቀን ሙሉ ሥሯ ተኝቼ’ እያለ ሲያስቀን ዋለ።»

ምሳ ሰዓት ዘከርያ ሲመጣ ሳህኑን አስቀመጠችለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «መኪናዋን አንተ ነህ የገጠምካት አሉ።»

ፊቱ ቀላ፤ ወዲያው ሳቅ አበጀ። «ምን ልበል ፈርዱ? ሚስቴ ናት ብል ይስቁብኛል። ወሬ ነው፣ ምን ይጎዳሻል? ደግሞ ዕቃ እየሸጥሽበት ነው።»

እውነቱን ነው፣ ዕቃ እየተሸጠ ነበር። እሷም ከዚያ በላይ አልሄደችበትም። ትንሽ ነገር መስሏት ነበር። አንዳንዱ ሌብነት ትንሽ ሆኖ ነው የሚጀምረው።

ሚያዝያና ግንቦት እንዲህ አለፉ። ዘከርያ መኪናዋን እንደ ፈረስ ይጋልባት ጀመር። አባዱላ ሚኒባሶቹን ካላለፈ ቀኑ የዋለ አይመስለውም። ፈርዶሳ ሁለት ጊዜ ተናገረችው፤ ሁለቴም «አንቺ ራስሽ ነሽ ጥሩ አድርገሽ የሠራሻት» ብሎ ዘጋት። ከሰው ፊት የነሣትን ምስጋና ቤት ውስጥ ለራሱ መከራከሪያ አደረገው።

ሐምሌ ገባ። አንድ ሐሙስ ዘከርያና ሱራያ ለዘመድ ለቅሶ ይርጋጨፌ ሄዱ። ፈርዶሳ ሱቅ ቀረች። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ ስልኳ ላይ ከሱራያ የቴሌግራም ድምፅ መጣ። ደንበኛ ፊቷ ቆሞ ስለነበር ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማችው። ሱራያ በሳቅና በፍርሃት መሃል ሆና ነው የምትናገረው፦ «ፈርዱ፣ ወንድሜ ዛሬ ሊጨርሰን ነው! ያን ኢሱዙ ካላለፍኩ እያለ ነው፣ በዚህ ዝናብ! አንቺ ንገሪው እስቲ፣ አንቺን ነው የሚፈራው...» ከኋላዋ የዘከርያ ድምፅ ይሰማል፦ «ተይ ባክሽ፣ ይቺ መኪና አትገለበጥም!»

ፈርዶሳ ደወለች። ሱራያ አላነሳችም። የዘከርያን ሞከረች፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ።

መኪናዋ ከለቅሶው ሲመለሱ ወናጎ ሳይደርሱ ካለው ኩርባ ላይ ወጥታ፣ ቦዩን ዘላ፣ እንሰት ውስጥ በግራ ጎኗ ተኝታ ነበር። ኢሱዙው ምንም አልሆነም። ዘከርያ ግንባሩ ተጫረ። ሱራያ ከኋላ ተቀምጣ ነበር፤ የግራው በር ወደ ውስጥ ገብቶ እግሯን ከቁርጭምጭሚት በላይ ፈጨው።

ፈርዶሳ ሆስፒታል ስትደርስ ኮሪደሩ በዘመድና በነጋዴ ተሞልቷል። ወይዘሮ ሀዲጃ መሬት ላይ ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ። ዘከርያ ግንባሩ ላይ ፋሻ አድርጎ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሮጣ ሄዳ ክንዱን ያዘችው።

«ዘኪ! ሱራያስ? ምን ሆናችሁ?»

ዘከርያ መጀመሪያ መሬቱን አየ። ከዚያ እናቱን አየ። ከዚያ ክንዱን ቀስ ብሎ አላቀቀ።

«መሪው እንቢ አለኝ» አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እንዲሰማው። «ሞላው ሳይወልቅ አልቀረም። እሷ ናት የገጠመችው። ተይ ብያት ነበር፤ አልሰማ አለችኝ።»

አንዱ ነጋዴ፣ ያ ከእሷ ዕቃ የገዛው ሰው፣ ግራ ገብቶት «አንተ አይደለህ እንዴ የገጠምከው? እንደዛ አልነበር ያልከን?» አለው።

«ገመናዋን ለመሸፈን ብዬ ነው» አለ ዘከርያ።

አራት ወር ሙሉ ደብቆት የኖረውን እውነት በዚያች ሰዓት፣ በዚያች ቦታ፣ ለሁሉም ተናገረው። መኪናዋን የገጠመችው እሷ መሆኗን ዲላ የሰማው በዚያን ቀን ነው። ወይዘሮ ሀዲጃ ዱዓቸውን አቋርጠው ቀና አሉ። ፈርዶሳ «እቴቴ፣ እኔ...» ብላ ልትንበረከክ ስትል ነጠላቸውን ከእግሯ ሥር ሰብስበው «ከልጄ በር ላይ ዞር በይልኝ» አሏት።

ሱራያን በማግስቱ በአምቡላንስ ወደ ሐዋሳ ወሰዷት። እግሯ አልተረፈም፤ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ።

ፈርዶሳ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ብሎኖቹን አንድ በአንድ በአእምሮዋ ትፈታለች፣ ትገጥማለች። የፊት ግራ፣ የታችኛው ሁለት። የላይኞቹ ዳዶዎች። የፍሬኑ ቱቦ ማሰሪያ። ጠቅ ብሏል? ሁሉም ጠቅ ብሏል? አባቷ ያላት ነገር ጆሮዋ ላይ ይጮኽባታል። ቅዳሜ ጠዋት እንድርያስ ሱቋ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«ተነሣ እንሂድ» አላት። «በሐሳብ ምን ትሞታለህ? መኪናዋ ፖሊስ ግቢ አለች፤ ሄደን እንይ።»

ቪትዟ የፖሊስ ግቢ ጥግ ጭቃ እንደለበሰች ነበረች። ምርመራውን የያዘው ሳጅን መንካት እንደማይቻል ነግሯቸው፣ አጠገባቸው ቆሞ በዓይን እንዲያዩ ፈቀደ። ፈርዶሳ ጭቃው ላይ በጉልበቷ ወረደች። የግራው አሞርዛተር ከቦዩ ጋር ሲላተም ተቆልምሟል፤ ብሎኖቹ ግን በቦታቸው ናቸው። የእንድርያስን ስልክ መብራት አስጠግታ አየች። ነጩ መስመር ከዳዶው እስከ ብሎኑ ቀጥ ብሎ ተሰምሯል። ወደ ቀኙ ሄደች፤ ቀጥ ብሏል። ከኋላ ያሉትንም አየች፤ ሁሉም እንዳሰመረቻቸው ናቸው።

ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ወረደ። ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረች፤ ሱራያ እግሯን አጥታ ተኝታለች፣ እሷ ስለ ብሎን ደስ ይላታል።

እንድርያስ ለሳጅኑ እጁን እያወናጨፈ ያስረዳል፦ «እሱ ነው የገጠመው፣ በደንብ ነው የገጠመው! እኔ ራሴ ቁልፍ ይዤ አብሬ ነበርኩ!»

«ዘከርያን ነው?» አለ ሳጅኑ፤ ብዕሩን አንስቶ።

«ኧረ ዘከርያ አይደለም! እሱ! ፈርዶሳ!»

ሳጅኑ ሳቀ። ፈርዶሳ አልሳቀችም። «ባለቤትሽ ሞላው ወልቆ ነው ብሎ ቃሉን ሰጥቷል» አላት ሳጅኑ። «የቴክኒክ ምርመራ ይደረጋል። አንቺም ማክሰኞ መጥተሽ ቃል ትሰጫለሽ።»

ሰኞ ጠዋት የዘከርያ አጎት ሀጂ ኸይረዲን ቤቷ መጡ። ፈርዶሳን ለዘከርያ የጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ አባቷን የቀበሩትም እሳቸው ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገብተው፣ ውሃ ተቀብለው፣ ሳይጠጡት አስቀመጡት።

«ልጄ» አሉ፣ «ነገር ሳይከር ይቆረጣል። ዘከርያ በክስ ሊሄድ ነው። በፍጥነት ነድቶ የእህቱን አካል አጎደለ ከተባለ ይታሰራል። የቴክኒክ ችግር ከሆነ ግን ይቀልለታል። አንቺ አንድ ቃል ብቻ በይ። ‘አንዱን ብሎን ሳላጠብቅ ረስቼ ይሆናል’ በይ። ‘ይሆናል’ ነው እንጂ ‘ነው’ በይ አላልኩሽም። አንቺ ሴት ነሽ፣ ባለሙያም አይደለሽም፤ ማንም አይጨክንብሽም።»

«ሀጂ፣ ብሎኑን አይቼዋለሁ። አልላላም።»

«አየሁ አላየሁ ምን ያደርጋል? ቤትሽን አድኚ።»

«ዘከርያ የት ነው? ለምን ራሱ አይጠይቀኝም?»

ሀጂ የውሃውን ብርጭቆ ትንሽ ገፋ አደረጉት።

«ሱራያስ ምን አለች? እሷ እኮ ውስጥ ነበረች።»

«ሱራያ ‘ተኝቼ ነበር’ ብላለች» አሉ፤ ዓይናቸውን ከእሷ ሳይሆን ከብርጭቆው ላይ አድርገው።

ፈርዶሳ በዚያው ሰዓት ሚኒባስ ይዛ ሐዋሳ ወረደች። ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ሱራያ የላከችውን ድምፅ ከአደጋው በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማችው፤ ለማንም አላሰማችም። መንገዱን ሙሉ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛው ሄደች።

ወይዘሮ ሀዲጃ ለሶላት ወጥተው ስለነበር ሱራያን ብቻዋን አገኘቻት። ከስታለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ብርድ ልብሱ በግራ በኩል ከጉልበቷ በታች ባዶ ነበር። ፈርዶሳ እዚያ እንዳታይ ስትታገል ሱራያ «እይው፣ ምንም አይደለም፣ ሁሉም እያየው ነው» አለቻት።

ተቃቅፈው አለቀሱ። ሲበቃቸው ፈርዶሳ ፊቷን አብሳላት። ሱራያ ጣሪያውን እያየች «ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽው» አለች።

«ልጠይቅሽ ነው። ተኝተሽ ነበር?»

ሱራያ የብርድ ልብሱን ጠርዝ በጣቷ ትጠቀልል ጀመር።

«ሱሪ፣ ተኝተሽ ነበር?»

«ወንድሜ ነው፣ ፈርዱ። አባቴ ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። የትምህርት ቤት ጫማዬን የገዛልኝ እሱ ነው።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «እግሬ ሄዷል። እሱ ቢታሰር ይበቅልልኛል? እማዬ ሁለታችንንም ታጣ?» እጇን ዘርግታ የፈርዶሳን እጅ ያዘች። «ያ ድምፅ አለሽ አይደል? የኔ ስልክ ደቋል። አጥፊው።»

«ለማንም አላሰማሁም።»

«አውቃለሁ። አንቺ አታሰሚም። ግን ካለ ያስፈራኛል። ፊቴ ላይ አጥፊው።»

ፈርዶሳ ስልኩን አወጣች። አርባ ሰከንድ የማይሞላ ድምፅ ነው፤ ለከተማው ሁሉ በቂ ነበር። ይቺ አልጋው ላይ ያለችው ልጅ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ «ፕሮ ነሽ» ያለቻት ናት። እንቢ ማለት ትችል ነበር። ብዙ ሰው እንቢ በይ ባላት ነበር። ፈርዶሳ የሱራያን ፊት አይታ እንቢ ማለት አቃታት። ጣቷን ድምፁ ላይ ተጫነችና ከእሷም ከሱራያም በኩል አጠፋችው። ሱራያ ስክሪኑን አይታ ትንፋሿን ለቀቀች።

«ይኼን ላንቺ ብዬ አድርጌአለሁ» አለች ፈርዶሳ። «ብሎኑን አላጠበቅኩም ግን አልልም። እሱን አትጠይቂኝ።»

«ካላልሽማ ወንድሜ ይታሰራል።»

«ካላልኩ ወንድምሽ በሠራው ይጠየቃል። ካልኩ ግን እግርሽን የቆረጥኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ዕድሜ ልኬን ከዚህ ጋር እንዴት እኖራለሁ?»

ሱራያ እጇን ከእጇ ውስጥ ቀስ ብላ አወጣች። «እኔስ ዕድሜ ልኬን እንዴት እኖራለሁ?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፈርዶሳ ያመጣችውን ብርቱካን አልጋው አጠገብ አስቀምጣ ወጣች።

ማክሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን ሰጠች። የተናገረችው አጭር ነው፦ መኪናዋን የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ብሎኖቹን በልካቸው አጥብቄ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ፤ ባለሙያ ይየው። ዘከርያ እንዴት ይነዳ እንደነበር ሳጅኑ ሲጠይቃት «አብሬ አልነበርኩም» አለች። ይህም እውነት ነበር።

የቴክኒክ ምርመራው ውጤት ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ከአደጋው በፊት የነበረ ጉድለት አልተገኘም ይላል። የኢሱዙው ሹፌርም እንዴት እንደቀደመው መስክሮ ስለነበር ዘከርያ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አመነ። አልታሰረም። ጥፋቱን ማመኑ፣ ከዚህ በፊት ጥፋት የሌለበት መሆኑ፣ ተጎጂዋም እህቱ ሆና ይቅር ማለቷ ታይቶለት ቅጣቱ በገደብ ሆኖለት ተለቀቀ፤ መንጃ ፈቃዱ ታገደ። ሀጂ ኸይረዲን ያስፈራሯት እስር ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ምርመራውን ያነበቡት ዳኛው፣ ሳጅኑና ፈርዶሳ ናቸው። ኮሪደሩ ውስጥ የተባለውን ግን ዲላ በሙሉ ሰምቶታል። «ሚስቱ የገጠመችው ሞላ ወልቆ» እየተባለ ተወራ፤ ይርጋጨፌ ሲደርስ ደግሞ «ተይ ሲላት በቅናት ፈትታበት» ሆነ። ሁለት ሦስት ሰው ዕቃ መለሰላት። ያ ነጋዴ የራሱን መኪና እንድርያስ ጋ ወስዶ፣ ከሷ የገዛውን አስነቅሎ ሌላ አስገጠመ። እንድርያስ «የእሱ ዕቃ ምንም አልሆነም፣ አዲስ ነው» ብሎ ቢከራከረውም አልሰማውም።

ዘከርያ ከአደጋው ቀን ጀምሮ እናቱ ቤት ነው የሚያድረው፤ ሱራያን ለማስታመም ነው ተባለ። በጥቅምት የፍቺውን ቃል በሀጂ በኩል ላከ። ልብሱን ሊወስድ ራሱ የመጣው በኅዳር አንድ ረፋድ ላይ ነው። ፈርዶሳ ሻንጣውን አዘጋጅታ በሩ አጠገብ አስቀምጣለት ነበር። ቆሞ ጣቶቹን ያፍተለትላል፤ ያ ሁሉ ወሬ የት እንደሄደ አይታወቅም።

«ሱራያ እንዴት ናት?» አለችው።

«ሰው ሠራሽ እግር ሊለኩላት ነው። ትምህርቷንም ትጨርሳለች፣ ኢንሻአላህ።»

«ስልክ አታነሳልኝም።»

«እማዬ ናት...» ብሎ ተወው።

«ዘኪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ መኪናዋ ደህና በነበረች ጊዜ፣ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ እንኳ፣ ‘ሚስቴ ናት የሠራችው’ ብለህ ታውቃለህ?»

ዘከርያ ሻንጣውን አነሳ። «አሁን ይኼ ምን ይጠቅማል ፈርዱ? ያለፈ ነገር ነው» አለ።

«ለኔ ይጠቅመኝ ነበር» አለች።

ወጣ። በሩን ሳይዘጋው ስለሄደ ተነስታ እሷ ዘጋችው። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ወደ ሱቋ ሄደች፤ ገና ረፋድ ነበር፣ የቡናው ወቅት ስለገባ መንገዱ በጭነት መኪና ተጨናንቋል። መክፈቻውን ሳታወጣ አንድ የማታውቀው ሰው፣ ከዱመርሶ የመጣ፣ ደጅ ቆሞ ይጠብቃታል።

«የቪትዝ ሞላና አሞርዛተር አለሽ? መንገዱ ጨረሰኝ።»

«አለኝ።»

አወረደችለት። ሰውየው ሣጥኑን ከፍቶ አገላበጠና «ደህና አድርጎ የሚገጥም ሰው ታውቂያለሽ?» አላት።

ፈርዶሳ እጆቿን አየች። ጥፍሮቿ ንጹህ ነበሩ፤ ከመጋቢት ወዲህ ቁልፍ አልጨበጠችም።

«እዚያ ማዶ እንድርያስ የሚባል አለ» አለችው። «እሱ ጋ ሂድ።»